የሙያ ምስክር ወረቀትና የኮምፒዩተር ሥራ፤ ከጅማና ከአካባቢዋ አንጻር

በጅማ ከተማና በዙሪያዋ በሚገኙት እንደ አጋሮና ሊሙ ገነት ባሉ የቡና ከተሞች የኮምፒዩተር ትምህርት ጨርሰው ሥራ የሚሹ ወጣቶች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያነሣሉ፤ ይኸውም የሙያ ምስክር ወረቀት ሥራ ያስገኛል ወይስ አያስገኝም የሚል ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ በሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ የሚገኝ እንደመሆኑ መጠን ጥያቄው ብዙ ጊዜ ደርሶታል። ይሁን እንጂ አንድ የጎማ ወረዳ አባት ገበሬ የልጃቸውን የፈተና ክፍያ ከዓመቱ የቡና ሽያጭ ሊከፍሉ አስበው ምክር በጠየቁት ጊዜ፣ መልሱ እንደሚታሰበው ቀላል አለመሆኑን ተገንዝቧል።

ለጥያቄው ዘወትር የሚሰጡት መልሶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ወገን ያለ ወረቀት በር አይከፈትም ሲል፣ ሌላው «ሙያ በልብ ነው» በማለት ወረቀቱን ያቃልላል። ሁለቱም የሚሳሳቱት ዓይነታቸው የተለያየ ወረቀቶችን በአንድ ስም ስለሚጠሩ ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት የቴክኒክና ሙያ ሠልጣኞች በየደረጃው ተመዝነው የሚያገኙት ብሔራዊ የብቃት ማረጋገጫ፣ በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. የሚባለው ነው። ይህ ለቴክኒክና ሙያ ምሩቃን በመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመቀጠር የሚጠየቅ ስለሆነ ይጠቅማል አይጠቅምም ብሎ መከራከሩ ትርፍ የለውም። ሁለተኛው እንደ ሲስኮና ኮምፕቲያ ያሉ የውጭ ድርጅቶች የሚሰጡት ነው። ሦስተኛው የአጭር ትምህርት ማጠናቀቂያ ሲሆን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በመተባበር የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነፃ የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል።

ቤተሰብን የሚያስጨንቀው ሁለተኛው ነው። ሲሲኤንኤ የተባለው የሲስኮ የመረብ ሙያ ፈተና 300 የአሜሪካ ዶላር ያስከፍላል፤ ምስክርነቱም የሚጸናው ለ3 ዓመት ብቻ ነው። የምንዛሪ ተመን በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ክፍያው በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በርግጥ ሰፊ መረብ የዘረጉ የቴሌኮምና የባንክ ድርጅቶች ከብዙ አመልካቾች መካከል ለመምረጥ እንዲህ ያለው ወረቀት ይረዳቸዋል። በቡና ከተሞች ግን ሥራው ባብዛኛው ኮምፒዩተርና ስልክ መጠገን፣ የጤና ተቋማትንና የትምህርት ቤቶችን መሣሪያ መንከባከብ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትን ሒሳብ ማደራጀት ነው። በዚህ ላይ አሠሪው ሠራተኛውን በቅርብ ያየዋል፤ ትናንት ያስጠገነው ጎረቤትም ይመሰክርለታል።

ከዚህ የባሰው ችግር ያለው በምዘናው ላይ ነው። በምርት ገበያ የቡና ደረጃ ሲወጣ ከመቶ 40 የሚሰጠው ለጥሬው ፍሬ፣ 60 የሚሰጠው ለሲኒ ቅምሻ ሆኖ ቆይቷል። ጥሬው ምንም ያህል ቢያምር ሲኒው ያጋልጠዋል። በኮምፒዩተር ትምህርት ግን ሚዛኑ ተገልብጧል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የሚወስዱት የመውጫ ፈተና በምርጫ ጥያቄ የሚሰጥ ነው። ብሔራዊው የብቃት ምዘና የተግባር ክፍል ስላለው በአሠራሩ የተሻለ ቢሆንም፣ የተግባሩ ክፍል የመሣሪያና የበቂ መዛኝ ጥገኛ ነው። የውጭዎቹንም ፈተናዎች ቢሆን ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩ ጥያቄዎችን ሸምድዶ የሚያልፍ አይታጣም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ባለ ምስክር ወረቀት ሆኖ የመረብ ገመድ ጫፍ ማሰር ያቃተውን ወጣት አይቷል፤ ወጣቱን ግን አይወቅስም፤ ገመድ አስይዞ የፈተነው አልነበረምና።

ስለሆነም ምስክር ወረቀት ከንቱ ነው ማለት አይገባም። ሙያ በልብ ቢሆንም የማያውቀው አሠሪ ልብን ሊያይ ስለማይችል፣ ወረቀቱ የሚያስተዋውቅ ደብዳቤ ይሆናል። የኮሌጆቻችን ድርሻ ደብዳቤው እውነት እንዲናገር ማድረግ ነው። ለዚህም ከትምህርት ውጤቱ የሚበልጠውን እጅ ለተግባር መመደብና እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን የሚያሳይ የሥራ መዝገብ ይዞ እንዲመረቅ ማድረግ ይገባል።

ለአባት ገበሬው የተሰጣቸው ምክርም ከዚሁ የመነጨ ነበር፦ ልጁ በመጀመሪያ ብሔራዊውን ምዘና ይለፍ፤ ቀጥሎም ከጥገና ቤት ገብቶ ጥቂት ወራት ይሥራ፤ የዶላሩን ፈተና ግን ያንን ወረቀት በግልጽ የሚጠይቅ የሥራ ማስታወቂያ ሲያገኝ ይፈተን። የቡናው ገንዘብ እስከዚያ ድረስ ለቤቱ ይቆይ።