የካውቦይ ኑሮ በልጆች እጅ፤ ስለ አንድ የልጆች ቤተ መዘክር ኤግዚቢሽን

ባለፈው ክረምት በአሜሪካን አገር በቴክሳስ ግዛት በቆየንበት ጊዜ፥ በአንድ የልጆች ቤተ መዘክር ውስጥ ስለ ካውቦይ ኑሮ የተዘጋጀውን ኤግዚቢሽን ሦስት ቀን ተመላልሰን ተመልክተናል። የቤቱን ስም ያልጠራነው ትችታችን በአሠራሩ ላይ እንጂ በአንድ ቤት ላይ ስላልሆነ ነው፤ ይህን የመሰለ ኤግዚቢሽን በምዕራቡ የአሜሪካ ክፍል በብዙ ከተማ ይገኛልና።

እንደሚታወቀው፥ ለልጆች ተብሎ የተቋቋመው የመጀመሪያው ቤተ መዘክር እ. ኤ. አ. በ1899 በብሩክሊን የተከፈተው ነው። ነገር ግን «አትንኩ» የሚለው ማስጠንቀቂያ ተነሥቶ ልጁ ዕቃውን በእጁ እያገላበጠ እንዲማር የማድረጉ ልማድ ይበልጥ የተስፋፋው፥ ማይክል ስፖክ በ1962 የቦስተንን የልጆች ቤተ መዘክር መምራት ከጀመረ በኋላ ነው። ሐሳቡን እኛም እንደግፋለን። የምንጠይቀው ግን ልጁ እንዲነካው የተሰጠው ነገር ምንድን ነው፥ ያልተሰጠውስ ምንድን ነው ብለን ነው።

ከበሩ ሲገባ ባርኔጣና ቦት ጫማ ተደርድሮ ትልቅ መስታወት ቆሞአል። ቀጥሎ እውነተኛ ኮርቻ የተጫነበት የእንጨት ፈረስ፥ ከዚያም ባለ ሸምቀቆ ገመድና ገመዱ የሚወረወርበት የፕላስቲክ ጥጃ አለ። ልጆች የከብት ምልክት በወረቀት ላይ የሚያትሙበት ጠረጴዛም አለ። ከሁሉ የተዋጣለት የስንቅ ሠረገላው ነው። ቻርልስ ጉድናይት በ1866 የድሮ የጦር ሠራዊት ሠረገላ አሻሽሎ፥ ከበስተኋላው ባለ ብዙ መሳቢያ ሣጥን ገጥሞ፥ የሣጥኑ ክዳን ሲወርድ ገበታ እንዲሆን አድርጎ እንዳሠራው ይነገራል። ልጆቹ መሳቢያውን እየሳቡ ባቄላውን፥ ቡናውንና ዱቄቱን ሲያወጡና ሲመልሱ ከመስታወቱ ፊት ከቆዩት ይልቅ እጅግ ብዙ ጊዜ ቆዩ። መሳቢያው ያለ መምህር ያስተምራል፤ ለምን ተሠራ፥ ማን ይበላበታል፥ ስንት ቀን ያደርሳል የሚለውን ጥያቄ ራሱ ያስነሣል።

በሁለተኛው ቀን አንድ ስድስት ዓመት የሚሆነው ልጅ ጥጃውን እየዳሰሰ «ላሞቹ የት ነው የሚሄዱት?» ብሎ አስተናጋጇን ጠየቀ። «ወደ ባቡር» አለችውና ባርኔጣ አጠለቀችለት። መልሱ ስሕተት የለበትም፤ ግን የኤግዚቢሽኑ ጉድለት ሁሉ በዚህ መልስ ውስጥ ያለ መሰለን። ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ በቴክሳስ 4 ዶላር ያህል ብቻ የሚያወጣ ሰንጋ በሰሜን ገበያ እስከ 40 ዶላር ይሸጥ ነበር። ከ1867 ጀምሮ ከብቱ እየተነዳ ካንሳስ ውስጥ ወዳለችው አቢሊን ይደርስና በባቡር ተጭኖ ወደ ቺካጎ ቄራ ይሄዳል። ካውቦዩን የፈጠረው ይህ የዋጋ ልዩነት ነው። የፕላስቲኩ ጥጃ ግን የትም አይሄድም፤ ገዢም ባለቤትም የለውም።

ስለ ድካሙማ የተነገረ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከ2,000 እስከ 3,000 የሚደርስ ከብት አሥር ወይም አሥራ ሁለት ሰው እየነዳው፥ በቀን ከ16 እስከ 24 ኪሎ ሜትር እየሄደ ጉዞው ወራት ይፈጅ ነበር። አዲስ የተቀጠረው ወጣት ከኋላ ሆኖ አቧራውን ሲውጥ ይውላል፤ ሌሊት ደግሞ በተራ እየተነሣ ከብቱ እንዳይደነብር እያዜመ ይዞረዋል። የዚህ ሁሉ ደመወዝ በወር ከ25 እስከ 40 ዶላር ሲሆን፥ ልጆቹ የሚወጡበት ዓይነት ጥሩ ኮርቻ የአንድ ወር ደመወዝ ወይም ከዚያ በላይ ያስወጣ ነበር። በ1883 በሰሜን ምዕራብ ቴክሳስ ያሉ ካውቦዮች በወር 50 ዶላር ይከፈለን ብለው ሥራ አቁመው ነበር፤ አልተሳካላቸውም። በኤግዚቢሽኑ ውስጥ ደመወዝ የሚል ቃል ፈልገን አላገኘንም።

በግድግዳው ላይ ያሉት ሥዕሎች የሚያሳዩት ነጮችን ብቻ ነው። ይህ ከሁሉ ይልቅ አሳዝኖናል። ገመዱም፥ ኮርቻውም፥ ሮዴዮ የሚለው ቃል ራሱ ባኬሮ ከሚባሉት የሜክሲኮ ከብት ነጂዎች የመጣ ነው። ከካውቦዮቹም ከአራቱ አንዱ ያህል ጥቁር እንደ ነበረ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ከሠረገላው አጠገብ የጉድናይት ስም በጉልህ ተጽፎአል፤ በባርነት ተወልዶ ከጉድናይት ጋር ለዓመታት ከብት የነዳው፥ በመንገድ ላይም ገንዘቡን በአደራ ይይዝለት የነበረው ቦስ ኢካርድ ግን አልተነሣም። ጉድናይት ራሱ ኢካርድ በ1929 ሲሞት በመቃብሩ ላይ የመታሰቢያ ድንጋይ አቁሞለታል። ባለታሪኩ ያልረሳውን ቤተ መዘክሩ ረሳው።

ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ በልጅነታቸው ከብት ጠብቀዋል። እረኛ ስንል ካቦርቱና ዱላው፥ ዝናቡና ጥጃ ሲጠፋ የሚመጣው ቁጣ ይታየናል እንጂ የክት ልብስ አይታየንም። ካውቦይ የሚለውን ቃል እንዳለ የተቀበልነው ከሲኒማ ጋር ስለ መጣ ሳይሆን አይቀርም፤ «እረኛ» ብለን ተርጉመነው ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሽጉጡን ሳይሆን ከብቱን እናስብ ነበር።

የአራት ዓመት ልጅ ስለ ደመወዝና ስለ ባርነት ምን ይረዳል የሚሉን እንዳሉ እናውቃለን። የሚረዳው በእጁ ከሆነ በእጁ ይሰጠው። የስንቅ ሠረገላው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ተከፍቶ፥ ልጁ 30 ሳንቲም «ደመወዙን» ተቀብሎ ቦት ጫማውንና ባርኔጣውን እንዲገዛበት ቢደረግ፥ ኮርቻው ጋ ሲደርስ ገንዘቡ ማለቁን ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። እንዲሁም ግሊደን በ1874 የፈጠራ መብት ያገኘበት ባለ እሾህ ሽቦ፥ እሾሁ ደንዝዞ ቢቀርብ፥ ክፍቱ የግጦሽ ሜዳ እንዴት እንደ ተዘጋ ጣቱ ይነግረዋል።

ስለ ገመዱ አንድ ነገር እናክል። አንዲት ትንሽ ልጅ አሥራ አንድ ጊዜ ወርውራ አሥራ አንዱንም ሳተች፤ በዚያ ቤት ውስጥ ሥራው ከባድ መሆኑን የቀመሰች ያየናት እርስዋን ብቻ ነው። አስተናጋጇ ልጆቹ እንዳይከፉ ጥጃው ወደ ፊት ሊቀርብ መታሰቡን ነግራናለች። እኛ ግን ባለበት ቢቆይ እንመርጣለን።