ነጭ ውሃ ላይ ሞተር አይታመንም

ቆሞ የሚነዳ ጄት ስኪ ይዞ ወደ ባሕር ሞገድ መግባት ለሚፈልግ ጀማሪ ከሁሉ አስቀድሜ የማስተምረው የውሃውን ቀለም መለየት ነው። ማሽኑ የሚታዘዘው ሞገዱ ገና ባልተሰበረበት፣ አረንጓዴ በሆነው ውሃ ላይ ነው። ሞገዱ ፈርሶ ነጭ አረፋ ከሆነ በኋላ ግን ጉልበቱም መሪውም ይከዳል።

ምክንያቱ ከአሠራሩ ይመጣል። ጄት ስኪ ከሥሩ ውሃ ይስባል፤ በፓምፑ ውስጥ የሚሽከረከረው ኢምፔለር ያንን ውሃ ገፍቶ ከኋላ ባለው አፈሙዝ ያስወጣዋል። ወደፊት የሚሄደው በዚህ ግፊት ነው፤ የሚዞረውም አፈሙዙ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስለሚል ነው። ስለዚህ ጋዝ ሲለቀቅ መሪውም አብሮ ይሞታል። አረፋ ደግሞ አየር የሞላበት ውሃ ነው። ፓምፑ አየር ሲስብ ሞተሩ ይጮኻል፣ ስኪው ግን ንቅንቅ አይልም። ጀማሪን ከአደጋ የሚጠብቀው ልምምድ ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ነገሮች ይነሳል።

ጀማሪዎችን የማለማምደው ሳን ዲዬጎ፣ ሚሽን ቤይ ውስጥ፣ ፊየስታ ደሴት አጠገብ ባለው ጸጥ ያለ ውሃ ነው። እዚያ ሁሌ የማየው ነገር አለ። ተማሪው ፊት ለፊቱ ተንሳፋፊ ምልክት ሲመጣበት ይደነግጣል፤ ሲደነግጥ ጣቱን ከጋዙ ያነሳል፤ ከዚያ እጀታውን እስከ መጨረሻው ያዞረዋል። ስኪው ግን በያዘው አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። «ጋሼ፣ አልዞርም አለኝ!» ይለኛል። «ጋዝ ስጠውና አዙረው» እለዋለሁ። ሲነገር ቀላል ነው፤ ጣት እስኪለምደው ግን ጊዜ ይወስዳል። በፍርሃት ጊዜ ትንሽ ጋዝ እየሰጡ መዞር ልማድ ሳይሆን ማንንም ወደ ሞገድ አላስገባም።

ሁለተኛው ፈተና ከወደቁ በኋላ መልሶ መነሳት ነው። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ወደ ስኪው ከኋላ ይቀርቡና እጀታውን ይይዛሉ፤ እግር ከኋላ እየተጎተተ፣ በደረት ተደግፎ ጋዝ ይሰጣል። ስኪው ፍጥነት ሲይዝ በጉልበት፣ ከዚያ በአንድ እግር፣ በመጨረሻ በሁለቱም ይቆማል። በፓሲፊክ ዳርቻ በአንድ ሞገድና በተከታዩ መካከል ብዙ ጊዜ ያለው ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ነው። በተኛ ውሃ ላይ፣ ያውም ክንዱ ከዛለ በኋላ፣ በዚህ ጊዜ ውስጥ ተነስቶ መሄድ ያልቻለ ሰው ሞገድ ውስጥ ሁለተኛው ሞገድ ይደርስበታል።

ለእኛ ሰዎች አንድ ነገር አጥብቄ እነግራለሁ። አብዛኞቻችን የደጋ ልጆች ነን፤ ዋና የቻልነውም ሐዋሳ ወይም ላንጋኖ ላይ፣ ሞገድ በማይበረታበት ውሃ ነው። ላይፍ ጃኬት ያንሳፍፋል እንጂ ዋና አያስተምርም። ያለ ስኪ ከሞገዱ ወዲያ ሆኖ በራሱ እስከ ዳርቻ መዋኘት የማይችል ሰው መጀመሪያ ዋናውን ይማር።

ልብስም ቸል አይባልም። ሄልሜት፣ ላይፍ ጃኬት፣ ጫማና ዌትሱት ያስፈልጋሉ። የዌትሱቱ ሱሪ ለብርድ ብቻ አይደለም፤ ሰው ከአፈሙዙ አጠገብ ሲወድቅ በግፊት የሚወጣው ውሃ ወደ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የሞተር ማጥፊያው ገመድም ከእጅ አንጓ ወይም ከጃኬቱ ጋር መታሰር አለበት። ነጂው ሲወድቅ ገመዱ ተነቅሎ ሞተሩን ያጠፋዋል።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ስኪውን ሳናወርድ 20 ደቂቃ ያህል ቆመን እናያለን። ሞገድ በቡድን በቡድን ይመጣል፤ ትልልቆቹ ተከታትለው ካለፉ በኋላ ፋታ ይሰጣል። የመግቢያ ሰዓታችን ያ ፋታ ነው። ሞገድ የሚሰበረው የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት 1.3 እጥፍ ገደማ ሲሆን ነው፤ የ1 ሜትር ሞገድ ሰው ቆሞ በሚደርስበት ውሃ ላይ ይፈርሳል ማለት ነው። በራስ ከተወደቀ አሸዋው ቅርብ ነው። በሁለት የሚሰበሩ ሞገዶች መካከል ጸጥ ያለ የሚመስል መተላለፊያ ካለም ብዙ ጊዜ ውሃው ወደ ባሕር የሚመለስበት ጅረት ነው። ስኪ ላይ ላለ ሰው ጥሩ መውጫ ነው፤ ስኪው ላመለጠው ግን ወደ ውስጥ የሚጎትት ነው። ያን ጊዜ ከጅረቱ ጋር ሳይታገሉ ከዳርቻው ጎን ለጎን መዋኘት፣ ከዚያ ወደ ምድር መዞር ያዋጣል።

ስንገባ ሞተሩን የምናስነሳው ውሃው ቢያንስ ወገብ ሲደርስ ነው፤ ከዚያ በታች ፓምፑ አሸዋ ይስባል። ነጭ ውሃ ሲመጣ ቀጥ ብለን እንገጥመዋለን፤ በጎን ከመታን ይገለብጠናል። ፍጥነቱ መያዝ ያለበት አረፋው ሳይደርስ፣ ፓምፑ ገና ጥሩ ውሃ በሚስብበት ጊዜ ነው። ከዚያ ክብደትን ወደ ኋላ ማድረግ፣ ጉልበትን ማጠፍ፣ የስኪውን አፍንጫ ማቅለል፣ እጀታው ወደ ላይ ሲወረወር እንዳያገኘን አገጭን ማራቅ ነው። ሞተሩ መጮኽ ሲጀምር ጋዙን ቀነስ፣ ፓምፑ ውሃ ሲነክስ ደግሞ ጨመር እናደርጋለን። ባልተሰበረ ሞገድ ጫፍ ላይ ጋዙን ቀነስ ካደረግን ስኪው ሳይዘል በጀርባው ይወርዳል። መዝለል የጀማሪ ሥራ አይደለም።

ለወደቀ ሰው አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፤ በስኪውና በዳርቻው መካከል አይገኝም። ያማሃ ሱፐርጄት ባለ 701 ሲሲው ወደ 140 ኪሎ፣ ካዋሳኪ ኤስኤክስ-አር ባለ 1498 ሲሲው 250 ኪሎ ይመዝናል። ሞገድ የሚያንደረድረውን ያን ክብደት በእጅ የሚያቆም ሰው የለም። ስኪው ወደ ምድር ይሂድ፤ ዕቃ ይጠገናል። ሲገለበጥ የሚቃናው ደግሞ ከኋላው የተለጠፈው ምልክት በሚያሳየው አቅጣጫ ብቻ ነው፤ በተቃራኒው ከዞረ በጭስ መውጫው ያለው ውሃ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል።

ሌላው ሰውም ከእኛ ሊጠበቅ ይገባል። የካሊፎርኒያ ሕግ ዋናተኞች ከሚያዘወትሩት ዳርቻ 60 ሜትር ገደማ፣ ከዋናተኛ ደግሞ 30 ሜትር ገደማ ውስጥ ፍጥነት በሰዓት ከ8 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ያዛል። የሚዋኝና ሞገድ የሚጋልብ ሰው ባለበት ቦታ መሪውን በአረፋ ልንነጠቅ እንደምንችል እያወቅን አንገባም፤ ሌላ ዳርቻ እንፈልጋለን።

ስለዚህ ጀማሪ ከወገብ በማይበልጥ ሞገድ፣ አሸዋማ ወለል ባለበት፣ ሰው በሌለበት፣ ሌላ ነጂ አብሮት እያለ ይጀምር። ከፍ ወዳለ ሞገድ የሚሸጋገረው ነጩን ውሃ መቼና የት እንደሚያገኘው አስቀድሞ መናገር ሲችል ነው። ክንዱ ዝሎ በ10 ሰከንድ መነሳት ካቃተው ግን ባሕሩ የቱንም ያህል ቢያምር የዕለቱ ትምህርት እዚያ ላይ ያብቃ።