ፊታውራሪ መሸሻ እንደ አባት

«ፍቅር እስከ መቃብር» በተነሣ ቁጥር ሁላችንም ወደ በዛብህና ሰብለ ወንጌል እንሮጣለን። ፊታውራሪ መሸሻ ለሳቅና ለንዴት ይቀራሉ፤ ባላባት፣ ትምክህተኛ፣ በቃ። እኔ ግን ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን ይህን መጽሐፍ ሳስተምር የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነበር። ሰውየው ልጃቸውን አይጠሏትም። አያውቋትም እንጂ!

የመጣውን ጠያቂ ሁሉ በዘር አይመጥነንም እያሉ ሲመልሱ የሚቆጥሩት የአያት የቅድመ አያት ስም ነው። የልጅቱ ዕድሜ ደግሞ ይነጉዳል፤ እሱን የሚቆጥር አባት ቤቱ ውስጥ የለም። ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣት ወንድ የተገኘው (ጉዱ ካሣን ሳንረሳ) ሊያስተምራት ከተቀጠረው ከበዛብህ ዘንድ ነው። ሐያስያን ይህን የመደብ ጉዳይ ብቻ አድርገው ማንበባቸው አይዋጥልኝም።

የባላባት ዘመን እኮ አለፈ የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ አለፈ። አባትነት ማለት ስም ማውረስና ወጪ መቻል ነው የሚለው እምነት ግን አብሮት አልሄደም። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ ለአባት የሰጠው 3 ቀን ፈቃድ ነው። ሦስት ቀን! ጠያቂው መጥቶ ሳያልቅ እኮ አባትየው ቢሮ ገብቷል።

ሰብለ በመጨረሻ በዛብህን ፍለጋ ቤቱን ጥላ ስትወጣ እኛ አንባቢዎቹ አንደነግጥም። ስንት ገጽ ሙሉ አብረናት ተቀምጠናል።