ስንት ሚሊሜትር ይስታል?

መቼም እናንተም አይታችሁታል። ከምሽቱ ዜና መጨረሻ፣ ከስፖርቱ ትንሽ ቀደም ብሎ የሚመጣ አንድ ዘገባ አለ። ከእንጨትና ከላሜራ የተገጣጠመ፣ ሽቦው የተንጨባረረ ማሽን ይታያል። ከላይ የተንጠለጠለው መቁረጫ ወዲያና ወዲህ እያለ በጣውላ ላይ የኢትዮጵያን ካርታ ይቀርጻል። አጠገቡ አንድ ወጣት እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጋዜጠኛው ማይክሮፎኑን ያቀርብና ‹‹ሐሳቡ እንዴት መጣልህ?›› ይላል። ቀጥሎ ‹‹ማን ደገፈህ?›› ቀጥሎ ‹‹ከሚመለከተው አካል ምን ትጠብቃለህ?›› በቃ። ካርታው ተቀርጾ ሳያልቅ ዘገባው ያልቃል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ማንኛውንም ነገር እንደ ድርሰት ማንበብ ይቀናኛል። ይህ ዘገባ ደግሞ ራሱን የቻለ ዘውግ ነው። ባለታሪኩ ሁልጊዜ ብቸኛ ነው፤ ‹‹ከልጅነቱ ጀምሮ ዕቃ መፈታታት ይወዳል››። ማሽኑ ሁልጊዜ ‹‹ከወዳደቁ ቁሳቁሶች›› የተሠራ ነው። ሁልጊዜ ‹‹የውጭ ምንዛሪ ያድናል››። መደምደሚያው ሁልጊዜ ‹‹ድጋፍ ቢደረግለት›› በሚል ‹‹ቢ›› ላይ ይንጠለጠላል። ተማሪዬ እንዲህ ያለ አጭር ልቦለድ ቢያመጣልኝ ኖሮ በቀይ እስክሪብቶ አንዲት ጥያቄ ብቻ እጽፍለት ነበር፤ ‹‹ዋናው ገጸ ባህሪ የታለ?›› ዋናው ገጸ ባህሪ ማሽኑ ነዋ! ስለ እሱ ግን አንድም ቃል አልሰማንም።

ስለዚህ ስለ ማሽኑ ጥቂት ልበል። ‹‹ሲኤንሲ›› ይሉታል፤ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ ፍሬዛ ማለት ነው። የብረታ ብረት ሰዎች እንደሚያውቁት በቶርኖ ላይ የሚሽከረከረው የሚቆረጠው ብረት ነው፤ በፍሬዛ ላይ ግን መቁረጫው ይሽከረከራል፣ ብረቱ በሞርሳ ታስሮ ይቀመጣል። በዱሮው ፍሬዛ ባለሙያው እጀታውን በእጁ እያዞረ ጠረጴዛውን ይገፋል። በሲኤንሲ የእጁን ቦታ ሞተር ይወስዳል፤ አንዱ ለግራና ቀኝ፣ አንዱ ለፊትና ኋላ፣ አንዱ ለላይና ታች። ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩት ሰዎች በብዛት የሚጠቀሙበት ስቴፐር ሞተር አንዱን ዙር ለ200 እርምጃ ከፍሎ ነው የሚሄደው። ሞተሩ የሚያዞረው ቪቴ በአንድ ዙር 5 ሚሊሜትር የሚገፋ ከሆነ አንዷ እርምጃ 0.025 ሚሊሜትር ትሆናለች። ከፀጉር የቀጠነች ናት። በወረቀት ላይ ማለቴ ነው። በሥራ ላይ የምትሆነውን እመለስባታለሁ።

በመጀመሪያ ግን ‹‹ፈጠራ›› በምትለዋ ቃል ላይ ትንሽ እንቆይ። ዘገባው ወጣቱን ‹‹የፈጠራ ባለሙያ›› ይለዋል። እንግዲህ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ይህን ማሽን የፈጠረው እሱ አይደለም። ጆን ፓርሰንስ የተባለ የሚሺጋን ሰው የሄሊኮፕተር ክንፍ ሲሠራ ቅርጹን በቁጥር የማዘዝ ሐሳብ መጣለት። በአሜሪካ አየር ኃይል ገንዘብ ኤምአይቲ ሐሳቡን ወስዶ፣ ከተበሳ ወረቀት ትእዛዙን እያነበበ የሚቆርጥ ፍሬዛ እ.ኤ.አ. በ1952 ለዓለም አሳየ። ዴቪድ ጊንገሪ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ባሳተማቸው ተከታታይ መጻሕፍት፣ ከከሰል ማቅለጫ ተነስቶ በመጀመሪያ ቶርኖ፣ ቆይቶም ፍሬዛ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ሲመን ስቫሌ ስኮግስሩድ የተባለ ኖርዌያዊ ሞተሮቹን የሚያዝዘውን ‹‹ግርብል›› የተባለ ፕሮግራም ጽፎ በነፃ ለቀቀው። አርዱዊኖ በምትባል መዳፍ በማትሞላ ቦርድ ላይ ይሠራል።

የእኛ ወጣት ይህን ሁሉ ፈልጎ፣ አንብቦ፣ አገናኝቶ በእጁ ሠርቶታል። ቀላል ነገር ነው? በጭራሽ። ስሙ ግን ፈጠራ አይደለም፤ ንባብና ሙያ ነው። ‹‹ፈጠረ›› ስንለው ያከበርነው ይመስለናል፤ በሥራው ግን መምህራን እንዳሉት፣ ከእነሱ ጋር ሊወዳደር እንደሚችል፣ የሚያርመውም እንደሚያስፈልገው እየደበቅን ነው።

እርማት የውጭ ሰው ያመጣብን ነገር ደግሞ እንዳይመስላችሁ። የቅኔ ቤት ተማሪ ሲቆጥር የዋለውን ጉባኤ ቃና ይዞ መምህሩ ዘንድ ይቀርባል። መምህሩ ‹‹ጎበዝ!›› ብለው አያሰናብቱትም። የቱ ጋ ቤቱ እንደሰበረ፣ የቱ ጋ ምሥጢሩ እንደጠፋ ይነግሩታል፤ ተማሪው ይመለሳል፤ በማግስቱ ደግሞ ይቀርባል። ያ ልጅ ቅኔ ያወቀው በጭብጨባ አይደለም። ዛሬ የመጽሐፍ ምረቃ ላይ የምንሰማውን ውዳሴ ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ ማሽኑ ላይ የደረሰው መጽሐፉ ላይ ከደረሰ ቆይቷል።

ባለፈው ዓመት ከእነዚህ ወጣቶች አንዱን ከነማሽኑ አገኘሁት። ስሙን አልጠራም፤ በዜና የተጠራው ይበቃዋል። ሞተሮቹን ከአሮጌ ፕሪንተርና ፎቶኮፒ ማሽን ፈትተው ከሚሸጡ የምናለሽ ተራ ሰዎች ነው የለቀማቸው። ማሽኑን ያሳየኛል ብዬ ስጠብቅ አንድ የተማሪ ደብተር አወጣ። ገጹ ሁሉ ቁጥር ነው። ‹‹ክብ 40፤ በቁመት 39.6፤ በወርድ 40.1።››

‹‹ይሄ ምንድን ነው?››

‹‹ስህተቴ ነው፣ ጋሼ። ካርታ ይዋሻል፤ ክብ ግን አይዋሽም።››

አስረዳኝ። ማሽኑ ክብ ሲቆርጥ በየሩብ ዙሩ ከሁለቱ ሞተሮች አንዱ አቅጣጫ ይለውጣል። በቪቴውና በዳዶው መካከል ትንሽ መላላት ካለ በዚያች ቅጽበት ሞተሩ ይዞራል፣ ጠረጴዛው ግን ባለበት ይቆያል፤ ክቡም እዚያ ላይ ጠፍጠፍ ይላል። የካርታው ድንበር ላይ ቢሆን ይህን ማን ያየዋል? ደግሞም ክንዱ አለ። መቁረጫውን የተሸከመው ክንድ በእጥፍ ቢረዝም፣ በዚያው ጉልበት ሲገፋ መጉበጡ በእጥፍ ሳይሆን በስምንት እጥፍ ነው የሚጨምረው። ከሁሉም የገረመኝ የሞተሩ ነገር ነው። ስቴፐር ሞተር የታዘዘውን ያህል ይራመዳል እንጂ መድረሱን የሚጠይቀው የለም። ብረቱ ጠንክሮበት አሥር እርምጃ ቢጎድልበት፣ ‹‹ደርሻለሁ›› ብሎ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ የሚቆርጠው ሁሉ ከቦታው የተዛነፈ ነው፤ እሱ ግን በሙሉ ልብ ይቆርጣል። (ይህን ሲነግረኝ ስንት ባለሥልጣን፣ ስንት ደራሲ ትዝ አለኝ መሰላችሁ!)

ዜናው በተላለፈ በሳምንቱ አንድ የወፍጮ ቤት ባለቤት ሊያሠራ መጣ። ስድስት ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም ማገናኛ ነው የፈለገው። ተሠራለት፤ ወሰደው። አራቱ ቡሎኖች ገቡ፣ ሁለቱ እምቢ አሉ። ሰውየው ተመልሶ መጥቶ ብሩን ተቀብሎ ሄደ፤ በሰፈሩም ‹‹የቴሌቪዥኑ ልጅ›› ማለት ስድብ ሆኖ ሰነበተ። ልጁ ስድስት ወር የደከመበትን ማሽን ፈታትቶ ሊሸጠው ነበር።

ያዳነው አንድ ጡረታ የወጡ የቶርኖ ባለሙያ ናቸው። መጡ፣ ካሊፐራቸውን አወጡ፣ ለኩ፣ ክንዱን በእጃቸው ገፋ አደረጉት። ‹‹ልጄ፣ ይሄ ረዝሟል፣ አሳጥረው። ዳዶህም ላልቷል›› አሉ። ቡናቸውን ጠጥተው ሄዱ። ‹‹መጀመሪያ ሰደቡኝ ብዬ ነበር›› አለኝ ወጣቱ። ክንዱን ካሳጠረና ዳዶውን ከለወጠ በኋላ ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር ‹‹39.9፤ 40.0›› ሆኗል። ‹‹ስንት ሰው አጨበጨበልኝ፣ ጋሼ፤ የለካልኝ ግን አንድ ሰው ነው።››

ይህ ነገር ሥሩ ረጅም ነው። ቀጥቃጩን፣ ጠይቡን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን ስንሰድብ የኖርን ሰዎች ነን። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስኪያስነግሩ የደረሰ ነገር ነው። ከስድቡ ሁሉ የከፋው ደግሞ ‹‹ቡዳ›› የሚለው ነበር። ምን ማለት ነው? የሰውየው ጥበብ ከላቡ አልመጣም፣ ከሆነ ስውር ኃይል ነው ማለት ነው። እስቲ አሁን የዛሬውን ውዳሴ አድምጡ፤ ‹‹ልዩ ተሰጥኦ››፣ ‹‹ያለ ማንም አስተማሪ››፣ ‹‹ድንቅ አእምሮ››። ቃሉ ከስድብ ወደ ምርቃት ተገለበጠ እንጂ ሐሳቡ ያው አይደለም? ያኔም ዛሬም ጥበቡን የምንሰጠው ለማናየው ነገር ነው፤ ደብተሩን፣ ሌሊቱን፣ የተበላሸውን አርባ ክብ የሚያይ የለም። አያቶቻችን ፈርተው ከሩቅ አዩት፤ እኛ ደግሞ አድንቀን ከሩቅ እናየዋለን።

‹‹ገና ዳዴ የሚልን ልጅ በካሊፐር ማስጨነቅ ሞራል ይነካል›› የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የዚያን ልጅ ሞራል የነካው ካሊፐር ነው ወይስ ያልገቡት ሁለት ቡሎኖች? ሥራው ገበያ ሲወጣ የሚለካው አይጠፋም። ጥያቄው ወዳጅ አስቀድሞ ይለካው ወይስ ደንበኛ ብሩን እያስመለሰ ይለካው የሚል ብቻ ነው። ወዳጅ የለካው ይታረማል።

እንግዲህ ለሽልማት ሰጪዎች ምክሬ አጭር ነው፤ በመስታወት ከምታስገቡት የምስክር ወረቀት ይልቅ አንድ ጥሩ ካሊፐርና ለሦስት ቀን የሚቀመጥ አንድ የቶርኖ ባለሙያ ስጡት። ለጋዜጠኛውም ሦስት ጥያቄ አለኝ፤ ከእነዚያ ከቆዩት ሦስቱ አይረዝሙም። ማሽንህ ስንት ሚሊሜትር ይስታል? በፊትስ ስንት ይስት ነበር? ምን አድርገህ አሳነስከው? ሦስተኛውን ሲመልስ ማይክሮፎኑን አታንሱበት፤ ታሪኩ እሱ ነው።