ካንቫስና ልዩ ልዩ ብራውዘሮች

በድረ ገጽ ላይ ሥዕል ለመሣል የሚያገለግለው ካንቫስ የተባለው ክፍል ዛሬ በታላላቆቹ ብራውዘሮች ሁሉ ይሠራል። ስለዚህ ብዙዎች ነገሩ ያለቀለት ነው ይላሉ። እኛ ግን በሁሉ ዘንድ መሥራትና ለሁሉ ማገልገል የተለያዩ መሆናቸውን በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት። ካንቫስን እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው አፕል ኩባንያ ነው። ፋየርፎክስ በ2005፣ ኦፔራ በ2006 ተቀበሉት። በዚያ ጊዜ ብዙ ሰው ይገለገልበት የነበረው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ግን ቪ ኤም ኤል የተባለ የራሱ የሥዕል ቋንቋ ስለ ነበረው፣ ዘጠነኛው እትም በ2011 እስኪወጣ ድረስ ካንቫስን አያውቅም ነበር። በመካከሉ የካንቫስን ትእዛዝ ወደ ቪ ኤም ኤል የሚመልስ ፕሮግራም ከጎግል ወጣ። ይህም ብዙዎችን ረዳ፤ ነገር ግን ሥዕሉ ሲበዛ ይዘገያል፤ ፒክስል በፒክስል የሚሠራውንም ሥራ ሊመልሰው አልቻለም። ችግሩ የቀለለው ካንቫስ በጋራ ደንብ ተጽፎ ሁሉም ብራውዘሮች በዚያው ሲመሩ ነው።

ደንቡ አንድ ቢሆንም ውጤቱ ፍጹም አንድ አይደለም። ያው ትእዛዝ እንደ ብራውዘሩ፣ እንደ ኮምፒውተሩና በውስጡ እንዳለው የፊደል ቅርጽ ጥቂት ይለዋወጣል። ይህም ልዩነት ተጠቃሚውን ለይቶ ለመከታተል እንደሚያገለግል ተመራማሪዎች በ2012 አሳይተዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ነቀፌታችን ግን ሌላ ነው። ካንቫስ የተሣለበትን በፒክስል ያስቀምጣል እንጂ ምን እንደ ተሣለ አያስታውስም። በላዩ የተጻፈ የአማርኛ ቃል ሥዕል ሆኖ ይቀራል፤ ፈላጊ አያገኘውም፣ ገልባጭ አይገለብጠውም፣ ለዓይነ ስውሩም ጽሑፍ አንባቢው ፕሮግራም አያነብለትም። ፊደላችን በ1999 በዩኒኮድ የራሱን ቁጥር ከማግኘቱ በፊት አማርኛን በሥዕል መልክ ማውጣት የግድ የሆነበት ጊዜ ነበር። ዛሬ በፈቃዳችን ወደዚያ መመለስ ያገኘነውን መጣል ነው።

መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። በካንቫስ መክፈቻና መዝጊያ ምልክቶች መካከል ጽሑፍ ማስገባት ይቻላል። ይህ ቦታ ካንቫስን የማያውቁ ብራውዘሮች በሥዕሉ ፈንታ ጽሑፉን እንዲያሳዩ የተተወ ነበር፤ ዛሬ ግን ጽሑፍ አንባቢው ፕሮግራም ለማያይ ሰው የሚያሰማው ይህንኑ ነው። ለብራውዘር ድካም የታሰበው ለሰው ጥቅም ዋለ ማለት ነው። እንዲሁም ሠንጠረዥና ካርታ ለሚሠራ ሰው፣ እያንዳንዱን የሥዕል ክፍልና ቃል ለይቶ የሚይዘው ኤስ ቪ ጂ ይሻለዋል፤ ካንቫስ ለጨዋታ፣ ለፈጣን እንቅስቃሴና ለፎቶግራፍ ሥራ ይቆይ።

እንግዲህ ድረ ገጽ የሚሠሩ ጓደኞቻችን ሥራቸውን በሦስትና በአራት ብራውዘር ከፍተው ሥዕሉ እንደ ታየ ሲያረጋግጡ፣ ሥዕሉን ማየት የማይችለው ሰው ምን እንደሚደርሰውም አብረው ይመርምሩ እንላለን።