የቤተ ልሔም ዜማና የኮምፒዩተር ቀረጻ

የድምፅ ቀረጻ የባለሙያ ቴክኒክ ብቻ ተደርጎ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ ከሚሰማው ድምፅ ምን ይያዝ፣ ምንስ ይጣል ብሎ መወሰን በመሠረቱ የሂስ ሥራ ነው። በኮምፒዩተር ላይ የሚሰማ ዜማን ለመቅረጽ የሚደረገው የፕሮግራም ምርጫም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል። ለዚህ መመዘኛ በጋይንት ከሚገኘው ከቤተ ልሔም የድጓ ትምህርት ቤት የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ቤተ ልሔም ከየአካባቢው የሚመጡ የድጓ ተማሪዎች ተፈትነው የሚመሰከሩበት ማእከል ነው። ድጓው በትውፊት የ6ኛው መቶ ዘመን ሊቅ የቅዱስ ያሬድ ድርሰት ሲሆን፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ይዜማል። በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን (ከ1540 እስከ 1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጁት የሚነገርለት የምልክት ሥርዓትም ድምፁን ራሱን አይጽፍም፤ ተማሪው ከመምህሩ አፍ የሰማውን ያስታውሰዋል እንጂ። የቤተ ልሔም ስልት ከቆማና ከአጫብር የሚለይበትን መንገድም ከወረቀት ይልቅ ጆሮ ያውቀዋል። በመሆኑም ቀረጻው ከጽሑፉ የጎደለውን የሚሞላ ሰነድ ነው።

ዛሬ ይህ ዜማ በበይነ መረብ ስለሚሰራጭ፣ መምህራንና የባህል ሠራተኞች ከኮምፒዩተር ቀድተው ለማኖር ይሻሉ። ብዙዎች ማይክሮፎኑን ከድምፅ ማጉያው ፊት ያቆማሉ። ውጤቱም የክፍሉ ማስተጋባትና የመንገዱ ጫጫታ የተቀላቀለበት ቅጂ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣውና በነጻ የሚገኘው ኦዳሲቲ ይህን ችግር ያቃልላል። በዊንዶውስ ላይ «ዋሳፒ» የተባለው መንገድና የኮምፒዩተሩን ድምፅ መልሶ የሚቀዳው ምርጫ ሲያዙ፣ ድምፁ በአየር ሳያልፍ ከውስጥ ይቀረጻል። ኦቢኤስ ስቱዲዮም ይህን ማድረግ ይችላል፤ ነገር ግን በዋናነት የተሠራው ለምስልና ለቀጥታ ሥርጭት ስለሆነ በተለመደው አሠራሩ ድምፁን ጨምቆ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ለዜማ ሰነድ ኦዳሲቲ ይመረጣል።

ይሁንና የፕሮግራሙ መልካምነት ብቻውን አይበቃም። ኤምፒ3 ጆሮ አይለየውም ብሎ የገመተውን ድምፅ እየጣለ ፋይሉን ያሳንሳል። ዌቭ ሁሉንም ይይዛል፤ ፍላክም አንዳች ሳያጎድል ያሳንሳል። በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት በሁለት መስመር የተያዘ ዌቭ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ቦታ ይወስዳል፤ ለአንድ መምህር ድምፅ ይህ ውድ ዋጋ አይደለም። ቀድሞ ተጨምቆ የተሰራጨን ድምፅ ግን የትኛውም ፕሮግራም ወደ ምሉእነቱ አይመልሰውም። ስለሆነም ዋናውን ፋይል ከባለቤቱ በፈቃድ ማግኘት ከተቻለ ከሁሉ ይቀድማል።

ከዚህ የባሰው ጉዳት የሚመጣው ከማጽጃ መሣሪያዎች ነው። ጫጫታ የሚያጠፋው መሣሪያ የጸናጽሉን ረቂቅ ድምፅ ከጫጫታ ሊቆጥረው ይችላል። ድምፅ ሲሰማ ብቻ እንዲቀርጽ የሚያዘው ምርጫም በዜማው መካከል ያለውን እረፍት ይቆርጣል፤ ለዜመኛ ግን የትንፋሹ ቦታ የዜማው አካል ነው። ማጽዳት ካስፈለገ በሁለተኛ ቅጂ ላይ ይሁን፤ የመጀመሪያው እንዳለ ይቀመጥ። በመካከሉ የመልእክት ደወል እንዳይገባም ማስታወቂያዎች አስቀድመው ይዘጉ።

ኬይ ካውፍማን ሸለመይና ፒተር ጄፈሪ ከ1993 እስከ 1997 እ.ኤ.አ. በሦስት ቅጽ ያሳተሙት የኢትዮጵያ ቅዳሴያዊ ዜማ ጥናት ድምፅና ጽሑፍ ተያይዘው መቅረብ እንዳለባቸው ያሳያል። የዜማው ዓይነት፣ የአዜመው ሰው፣ ቦታውና ቀኑ ያልተጻፈበት ቅጂ ወላጁ እንደማይታወቅ ልጅ ነው።

ቀረጻ ግን ምስክር አይሰጥም። ተማሪው ሲሳሳት የሚያርመው መምህሩ ነው፤ ማሽኑ የተሳሳተውንም የቀናውንም እኩል ያስተጋባል። የቀራጩ ተግባር የመምህሩን ወንበር መውረስ ሳይሆን፣ ድምፁን ሳያጎድል ለሚቀጥለው ጆሮ ማድረስ ነው። ፕሮግራሙም የሚመረጠው በዚህ ታማኝነቱ ሊሆን ይገባል።