የራእይ መጻሕፍትና የቀኖና ወሰን፤ መጽሐፈ ሄኖክና ፍካሬ ኢየሱስ ሲመዛዘኑ

ስለ ዓለም ፍጻሜ የሚናገር ትንቢት ከቅዱሳት መጻሕፍት ቍጥር ይገባልን? የሚለው ጥያቄ በሊቃውንት ጉባኤ ብቻ የሚነሣ አይደለም። በ2015 ዓ. ም. በሸገር ከተማ አስተዳደር በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ 81 መጻሕፍትን የሚቀበለው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመንና 66ቱን የሚቀበለው የወንጌላውያን ምእመን ተጐራብተው ይኖራሉ። የአንደኛው መጽሐፍ ቅዱስ ሄኖክንና ዕዝራ ሱቱኤልን ሲይዝ የሁለተኛው አይዝም፤ የዮሐንስን ራእይ ግን ሁለቱም ይቀበላሉ። እንግዲህ ጥያቄው የትኛው ራእይ ነው፥ በምንስ ሚዛን ይመዘናል፥ የሚል መሆን አለበት።

የዮሐንስ ራእይ ራሱ ያለ ክርክር አልገባም። በ3ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያው ዲዮናስዮስ የመጽሐፉ ጸሓፊ ሐዋርያው ዮሐንስ መሆኑን ተጠራጥሯል። አትናቴዎስ ግን በ367 እ. ኤ. አ. በጻፈው የፋሲካ መልእክት ከ27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት ጋራ ቈጠረው። የግሪክ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በቀኖናዋ ይዛው ሳለ በቅዳሴዋ አታነበውም።

የሄኖክ ዕድል ከዚህ የተለየ ነው። ይሁዳ በመልእክቱ ጠቅሶታል፤ ጠርጡልያኖስ ደግፎታል፤ አውግስጢኖስ ግን አልተቀበለውም። መጽሐፉ በሌላው ዓለም ሲጠፋ 108ቱ ምዕራፎች በሙሉ ተጠብቀው የተገኙት በግእዝ ብቻ ነው። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በመጽሐፈ ሚላድ ምስክር አድርገው አቅርበውታል። ከ1952 እ. ኤ. አ. ጀምሮ በቁምራን ዋሻ የተገኙት የአራማይስጥ ቍርጥራጮች የመጽሐፉን ጥንታዊነት አረጋግጠዋል። ይሁን እንጂ ጥንታዊነት ብቻውን ቀኖናዊነትን አያስገኝም።

ፍካሬ ኢየሱስ ከ81ዱ ውጭ ነው። ስለ ኋለኛው ዘመን መከራ ከተናገረ በኋላ ቴዎድሮስ የተባለ ጻድቅ ንጉሥ እንደሚነሣ ያበሥራል። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ. ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የተባሉት ይህ ተስፋ በሕዝቡ ዘንድ የጸና ስለ ነበረ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ. ም. በመቅደላ ሲሞቱ ግን የተነገረው የሰላም ዘመን አልደረሰም ነበር።

የሁለቱ መጻሕፍት ልዩነት ከዚህ ላይ ይታያል። ሄኖክ የእስራኤልን ታሪክ በወይፈንና በበጎች፥ ዮሐንስም የዓለምን ኀይል በአውሬ መስለው ያሳያሉ። ምሳሌ ተርጓሚ ይሻል፤ የአንድምታ መምህርም አንዱን ፍች ከተናገረ በኋላ «አንድም» ብሎ ሌላውን ያመጣል። ፍካሬ ኢየሱስ ግን የንጉሡን ስም ገልጦ ስለሚናገር፥ ስሙን የያዘ ሁሉ ትንቢቱን ለራሱ ሊያደርገው ይችላል።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። ሄኖክም ዘመናትን በ10 ሱባዔ ይከፍላል፤ ዮሐንስም 666 የሚል ቍጥር ይሰጣል፤ በእነዚህም ቍጥሮች ብዙዎች ቀን ቈርጠው ስተዋል። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን የሳቱት ቍጥሩን ከትርጓሜው ነጥለው የያዙት ናቸው። ደግሞም ትንቢትን ከቀኖና ማስወጣት ተነባቢነቱን አያስቀርም፤ ፍካሬ ኢየሱስ ከቀኖና ውጭ ሆኖ ሳለ ለዘውድ ስም እስከ መሆን የደረሰ ተስፋን አጽንቷል። በጉባኤ ቤት ወንበር ተዘርግቶለት የሚተረጐም ራእይ ግን የመምህሩ ቃል ልጓም ይሆነዋል።

ስለዚህ የፍጻሜ ትንቢት በቀኖና ውስጥ መኖሩ ተገቢ ነው፤ ይህም ትርጓሜ እስከ ተከተለው ድረስ ነው። በሰበታም ሆነ በሱሉልታ የሕዝቡን እምነት የሚመረምር ተማሪ በእያንዳንዱ ቤት ያሉትን መጻሕፍት ቈጥሮ ቢመለስ ሥራውን በግማሽ ይተወዋል። መጽሐፉን ማን እንደሚተረጕመው፥ ሰሚውም ትርጓሜውን ሰምቶ ምን እንደሚያደርግ ጠይቆ መጻፍ ይገባዋል።